የጠፋው የማናሴ ፎልደር

ውድ ማናሴ፣

ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ አላነሳህም። ዱከም ያለው አዲሱ ፋብሪካህ ስልክ የሚከለክል ከሆነ ይቅርታ። አውቀህ ከሆነ ግን ይህን እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ሳምንቱን ሙሉ አንጀቴን አሳርረኸዋል።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ዘውድነሽ ፍራንኮ ሰፈር ያለው ቢሯችን ድረስ መጡ። ሰባቱ መኪኖቻቸው ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያነሡት ፕሮግራማችን በሚልከው መልእክት እየተመሩ መሆኑን ታውቃለህ። ባለፈው ሳምንት ሹፌራቸው ሰንበታ «ሰነዱ እስኪታረም ወደ ወደቡ አትሂድ» የሚል መልእክት ደረሰው። አማርኛ ይናገራል እንጂ ማንበቡ ይከብደዋልና መጨረሻ ላይ ያለችውን «ሂድ» ብቻ ይዞ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ከበር መለሱት። ወይዘሮ ዘውድነሽ አልተቆጡም። «ማናሴ ያሳየኝ የኦሮምኛው መልእክት የት ደረሰ?» ብቻ አሉኝ። እስከ ሐሙስ ካላዩት ሌላ ሰው እንደሚፈልጉ ነግረውኝ ሄዱ።

የጀመርከውን የኦሮምኛውን ሥራ ልከፍት ተቀመጥኩ። የእያንዳንዳችንን ሥራ የሚመዘግብልን ፕሮግራም፣ ጊት፣ ግን ከለከለኝ፤ ያንተ ሥራ በሌላ ፎልደር ውስጥ ተከፍቷል አለኝ። ፎልደሩን ስፈልገው የለም። ጊት ራሱ ፎልደሩ እንደጠፋ ጽፎ ያሳየኛል፤ ተመልሶ ደግሞ «እዚያ ተከፍቷልና እዚህ አልከፍትልሽም» ይለኛል። ከማሽን ጋር ስጨቃጨቅ ቆየሁ። የጠፉ ፎልደሮችን ከመዝገቡ የሚያጸዳውን ትእዛዝ ሰጠሁት። ሁለት አሮጌ ፎልደሮችን ጠራርጎ አወጣ፤ ያንተን አልነካም። ደገምኩት። አልነካም።

ያኔ ነው የማይባል ነገር የተናገርኩት። ባንተ ቦታ ለገባችው ለሊዲ «ሲወጣ በእልህ አጥፍቶት ነው የሄደው» አልኳት። አንዴም ላላየችህ ልጅ እንደዚያ አድርጌ አስተዋወቅኩህ።

ሊዲ የፎልደሮቹን ዝርዝር በሙሉ አውጥታ አየችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ፎልደሩ መዝገቡ ላይ ተቆልፏል፤ ማጽጃው ያልነካው ለዚህ ነው። ከቁልፉ አጠገብ ምክንያቱን በራስህ ቃል ጽፈሃል፦ «ያለው ዲስኬ ላይ ነው። ዲስኩ ሲነቀል የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም። አታጽዱት። ማርቲ ስትፈልገው ትጠይቀኝ።»

አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ መልሼ ተናደድኩ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለማሽን ነው የሚናገረው? ጠረጴዛህ ከጠረጴዛዬ ሁለት እርምጃ አይርቅም ነበር።

መጨረሻ የተጨቃጨቅን ቀን «ለሰባት ሹፌር ብለን በሁለት ቋንቋ አንጽፍም» አልኩህ። በሳምንቱ መልቀቂያህን አስገባህ። አባትህ ከሁሩታ አዳማ አይሱዙ ሲነዱ እንዳረጁ፣ የሚሰጧቸውን የአማርኛ ወረቀት ሁሉ አንተ ታነብላቸው እንደነበር የሰማሁት ከሄድክ በኋላ ነው፤ ያውም ከወይዘሮ ዘውድነሽ። ለምን አልነገርከኝም? እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ያን ጊዜ ብትነግረኝም አልሰማህም ነበር።

ቁልፉን በአንድ ትእዛዝ መክፈት እችል ነበር። አልከፈትኩትም። ሊዲ ቁልፉን ሳንነካ፣ የተመዘገበውን ያህል ሥራህን ገልብጠን በሌላ ስም የምንከፍትበትን መንገድ አሳየችኝ። ከስልሳው መልእክት አርባ አንዱ ተገኘ። አሥራ ዘጠኙን ሳትመዘግብ ዲስክህ ላይ ይዘኸው ሄደሃል። ከቢሮ ከመውጣትህ በፊት መዝግብ እያልኩ ስንት ጊዜ ለምኜሃለሁ?

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ዘውድነሽ ሰንበታን ይዘውት መጡ። መልእክቶቹን ስልኩ ላይ ላክንለት። የመጀመሪያውን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንዴም ሳይደናቀፍ አነበበው። ሳንጠይቀው ሁለተኛውን ቀጠለ፤ ሦስተኛውንም። ወይዘሮ ዘውድነሽ ከስልኩ ይልቅ ፊቱን ነበር የሚያዩት። አርባ ሁለተኛውን እኔ በገበያ ኦሮምኛዬ ጽፌው ነበር። እሱ ጋ ሲደርስ ቆመና ሳቁን ዋጠው።

«ይሄን የጻፈው ሌላ ሰው ነው» አለ። «ያኛው አጠገቤ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሚያወራኝ ነው የሚመስለው።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ሌላ ሰው መፈለጉን ትተውታል። የቀረውን እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቁን ተስማምተዋል።

ሰንበታ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ ያ ሰውዬ የት ነው ያለው ብሎ ጠየቀኝ። ትቶን ሄዷል፣ እንዲሄድ ያደረግኩትም እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። «ይመጣል» አልኩት። አንተን ሳልጠይቅ ቃል ገባሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ነኝ፤ ሊዲም አለች። ተሳስቼ ነበር፣ ማናሴ። ስትመጣ ይህንኑ እሷ ፊት እነግርሃለሁ።

ማርቲ
አዳማ