ማዶ ያሉት ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው

ቤር ሸባ፣ ሽኩና ቫቭ
ኖቬምበር 2007

ውድ ሣህሌ፣

«እዚያ ማዶ ያሉት ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው» አለ አስጎብኚያችን አሎን ለአውቶቡሱ ሹፌር፣ ወደ ዮርዳኖስ ድንበር ስንቃረብ። እኔም ቃሉን እንዳለ ተቀበልኩት። ዘመድ የበዛበት አገር ከሆነ መጠንቀቅ አለብኝ ብዬ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ አይደለም። የምሠራበት የኤመቅ ሳራ መጋዘን ኮሚቴ ሠራተኛውን ለሁለት ቀን ዓቃባ ወስዶን ነበር፤ ትናንት ተመለስኩ። ማክሰኞ ደግሞ አንተ የለመንከኝ ቀጠሮ ነው። ከዚያ በፊት የጎረቤት አገር ምን እንደሚመስል ልንገርህ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ወንዙን ፈለግሁ። ጎንደር አሥራ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር የዮርዳኖስን ወንዝ በጠመኔ እየሳልኩ እንደኖርኩ ታውቃለህ። ይቅርታ፣ አንተ እኔን አታውቀኝም፤ ረስቼው ነው። ወንዙ ሙት ባሕር ላይ እንደሚያበቃ ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬ፣ ደቡብ ድንበር ላይ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁት። ያገኘሁት አጥርና የሻይ ማሽን ነው።

አሎን ቅጽ አድሎ አስሞላን። ቀጥሎ «ኮፍያ አድርጉ፣ ኪፓ አይታይ» አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ አድርግ አድርግ ያሉኝን ኪፓ፣ ያንን የአይሁድ ቆብ፣ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ባዶ ራሴን ከዮርዳኖሱ መኮንን ፊት ቆምኩ። ስሜን ጠየቀኝ፤ አሎን ያስተረጉማል።

«ውበቱ።»

«የአባት?»

«ሀይሌ።»

«የአያት?»

«ይርዳው።»

ጻፈው። እንዲያው ጻፈው፣ ሣህሌ። ይርዳው የሚባል ሰው ለመኖሩ ምስክር አልጠራም፣ ፋይል አላስመጣም። ቀና ብሎ፣ «ደግ ሰው ነበሩ?» አለኝ።

«ቁጡ ነበሩ።»

«የእኔም» አለና ማኅተሙን መታ።

አሎን ሳቀ። «አላልኩም? ዘመድ አገኘህ። እዚሁ እንዳያስቀሩህ።»

እኔ አልሳቅሁም፤ አንተ ትዝ አልከኝ። በፈረንጆቹ 1998 ወደ እስራኤል የሚያስገባው ቢሮ ጸሐፊ ፎቶግራፌን ይዛ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» ስትልህ «አላውቀውም» ብለሃል። ያልከውን እዚህ ከገባሁ በኋላ ከፋይሌ አንብበውልኛል። ምን እንደፈራህ ይገባኛል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚስም የአጎት ልጅ ያንተን የቤተ እስራኤልነት ፋይል ያበላሻል ብለህ ነው። አንተም ከጎኔ ቆመህ ስትስም ኖረሃል፤ ለዚያ ግን ፎቶግራፍ የለም። አያታችንን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ተገኝተው ባይመሰክሩልኝ ዛሬም ጎንደር ነኝ። ስድስት ዓመት ጠበቅሁ። እናትህ ስትሞት አንተንና እህትህን ይታይሽን ያሳደገቻችሁ እናቴ ወርቄ አምስቱን ጠብቃ፣ ሻንጣዋ እንደታሰረ ኪራይ ቤት ውስጥ ሞተች።

ዓቃባ ያው ከተማ ነው። ሻጩ ሁሉ «ወንድሜ» ይለኛል፣ ከዚያ ዋጋውን ይሰቅልብኛል። ካንተ ይሻላሉ፤ ቢያንስ አየንህ አሉኝ። ባሕሩ ዳር ቆሜ ወደዚህ ስመለከት ኤይላት ታየችኝ። ከዚያ ሆነው ሲያዩት ማዶ የሚባለው የእኛው አገር ነው። አንተም ሀብታሞቹ ሰፈር ራሞት ከገባህ ወዲህ እኛን የሽኩና ቫቭ ድሆች የምታየን እንደዚያ ይመስለኛል።

እና ባለፈው ሳምንት፣ ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ ደወልክ።

«ወንድምዬ፣ ይታይሽ ፋይሏ ተከፍቷል። ከእኔ ሌላ አንድ ምስክር ይፈልጋሉ። አንተ ታውቃታለህ እኮ፤ አንድ ቤት ነው ያደጋችሁ።»

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት?» አልኩህ። አመሰገንከኝ። ምስጋናህን አስቀምጥልኝ።

በአውቶቡሱ መንገድ ሙሉ ስለማመድ ነበር። ጸሐፊዋ የእህትህን ፎቶግራፍ ታነሳለች፣ እኔ መነጽሬን አስተካክላለሁ፣ ረጋ ብዬ አየዋለሁ፣ ከዚያ «ሎ ማኪር ኦታ» እላለሁ። አላውቃትም ማለት ነው፤ አንተ በአማርኛ ያልከውን እኔ ተምሬ በዕብራይስጥ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ማንን ነው የማታውቀው ብሎ ጠየቀኝ። «እናቴን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመችልኝን ሴት» አልኩት። ዞር ብሎ መስኮቱን ማየት ጀመረ።

እንግዲህ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እመጣለሁ። አንተም ና። በር ላይ ቁም፣ ስናገር ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ይህን ሳይሆን አይቀርም። እስከዚያ ደህና ሁን።

የይርዳው የልጅ ልጅ፣
ውበቱ ሀይሌ

የረሳሁት፦ አሎን ያስሞላን ቅጽ «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ የቅርብ ዘመድ» የሚል መስመር ነበረው። የጻፍኩት ያንተን ስም ነው። የስልክ ቁጥርህንም የጻፍኩት ማስታወሻዬን ሳላወጣ ነው።