ፒያኖውን በጀርባው ያስተኛንበት ቀን

ደሜ፣ የኔ ጌታ፤

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልስ አይመጣልኝም። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እኛ ደህና ነን። ልጃችን ሜሮን ቀብሪበያ ተመድባ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች። አስፋልቱም በራችን ድረስ ደርሷል፣ ስንት ዓመት የተራገምከው አቧራ ቀረልን። ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል። ናፍቀኸኛል፣ ሌላ ምን ልበልህ።

ጠግነህ ሳትጨርሰው የሄድከው የትምህርት ቤቱ ፒያኖ እስካሁን ሳሎን ቆሞ ነበር። በጠየቁኝ ቁጥር ገና ነው እያልኩ እመልሳቸዋለሁ። ከእጅህ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፣ እንዴት ብዬ ልስጥ? ትናንት ግን ወዳጅህ አሕመድ አናጢው መጣና የተሰበረውን ጎማ ልቀይርልሽ፣ ልጆቹ ይማሩበት አለኝ። እሱን እምቢ ማለት አቃተኝ።

ጎማው ከሥር ስለሆነ ማስተኛት ግድ ነበር። ይዟቸው የመጣቸው ሁለት ወዛደሮች ቁም ሳጥን መስሏቸው ከፊት ሊገፉት ሲሉ ጮህኩባቸው። ከባዱ ብረት ያለው ከኋላ ነው፤ አንዴ ካዘነበለ የሚመልሰው የለም፤ መጀመሪያ ጣውላና ፍራሽ አንጥፉ፣ ሁለታችሁ ከኋላ ተቀበሉ፣ ካመለጣችሁ ዘወር በሉ፣ እንጨት ይጠገናል እግር አይጠገንም አልኳቸው። ያንተን ቃል አንድም ሳላስቀር አወረድኩላቸው። አሕመድ ታርቲብ፣ ታርቲብ፣ ቀስ በሉ ይላቸዋል። እኔ እንደ ድሮው ከፊት ያዝኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ያዝሽ?» አለኝ።

ደሜ፣ «ያዝሽ?» ነው ያለኝ። አሕመድ ካንተ ጋር መሥራት ሲጀምር አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም ነበር፣ እኔንም «ያዝክ?» ይለኝ ነበር። አንተ ለቀልድ ወረስከው፣ በዚያው ቀረ። ድስት ስታቀብለኝ «ያዝክ?»፣ ሜሮንን ከደረትህ ላይ ስታሻግርልኝ «ያዝክ?»። ሆስፒታል እንኳ መናገር ደክሞህ እያለ እጄን ጨብጠህ እንደዚያው አልከኝ። አሁን አሕመድ አማርኛውን አስተካክሏል፣ ለሐዘኔም ሊጠነቀቅልኝ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን እኔን «አንተ» የሚለኝ ሰው እንዳለቀ ያወቅኩት ያኔ ነው።

መልስ ሳይሰሙ አያወርዱትም፣ ያ ሁሉ ክብደት እጃቸው ላይ እያለ ይጠብቁኛል። እንደ ምንም ብዬ «ያዝኩ» አልኩ። በሰላም ተኛ፣ ጎማውም ተቀየረ። አሕመድ እንባዬን አይቶ አንገቱን ደፍቶ መሣሪያውን ሰበሰበ።

ነገ ይወስዱታል። አላለቅስም ብዬ አልዋሽህም። የቆመበት ቦታ ላይ ግን ሶፋም ሆነ ቡፌ አላስገባም። የገባ ሰው ሁሉ እዚህ ምን ነበር ብሎ ይጠይቀኝ፤ እኔም ቁጭ በል እለውና ስላንተ እነግረዋለሁ።

ያንተው አልማዝ