ጭስ የሌለው ማድቤት

ዳባት፣ ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ጤናህ እንደምን ከርሟል? የሐዋሳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ላሞቹ ደህና ናቸው፤ ውርጩ ባቄላውን ቢመታውም ገብሱ ተርፎልናል። ስለ እማዬም ደህና ናት ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ ጆሮዋ ግድግዳ ያልፋል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደ አንተ ለሚመጣ ሰው ሰጠሁት።

ባለፈው ስንደዋወል፣ ያን ሁሉ ደክሜ ጭስ የሌለው ማድቤት ባሠራላት ተመልሳ እዚያች ጥቁር ጎጆ ገባች፣ ያረጀ ሰው አዲስ ነገር አይወድም ብለህ አዘንህባት። እኔም አብሬህ አማኋት። አፌን በቆረጠው!

ማድቤቱስ ያምራል። ግንበኛው ያርጋል ልክ እንዳዘዝኸው በአገራችን ድንጋይና በጭድ በተቦካ ጭቃ አቆመው፤ ናፍጣ እየጠጣ ከሩቅ ሲሚንቶ የሚያመጣ መኪና አላስፈለገንም። የጠዋት ፀሐይ በሰፊው መስኮት ገብታ ግድግዳውን ታሞቀዋለች፣ ማታ ድረስ አይበርድም። እበቱ ጉድጓድ ይገባል፣ ጋዙ በቱቦ ይመጣል። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ሲያደንቅ እማዬ ግን በእበት ትንፋሽ የበሰለ የጾም ወጥ አልቀምስም አለች። የነፍስ አባቷን ቄስ መልከ ጼዴቅን ብጠይቃቸው ሳቁና፣ ኩበቱ ሲነድ ያላረከሰውን ወጥ ትንፋሹ ምን ያደርገዋል አሏት። ከዚያ ወዲያ ራሴን ያዞረኛል፣ ወገቤን ይበርደኛል እያለች እንጨቷን ታቅፋ ጎጆዋ ትገባ ጀመር። እኔም ተናድጄ ጎጆውን ቆለፍሁና ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጠርሁት።

ሐሙስ ዕለት ከወፍጮ ቤት ስመለስ በአዲሱ ማድቤት በር ላይ ቆሜ አየኋት። ክብሪቱን ጭራ ጋዙን ለኩሳዋለች። ፀሐይዋ ገብታ ቤቱ ቦግ ብሏል። እማዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ከዚያ መያዙን ለማወቅ እጇን ዘርግታ እሳቱ ውስጥ ከተተችው። ወንድሜ፣ እሳቱ ውስጥ! ጮኼ ስደርስ መዳፏ ተልጧል። እሷን ያስደነገጣት ግን ቃጠሎው ሳይሆን የኔ ማየት ነበር።

ጋዙን አጥፍቼ እጇን ውሃ ውስጥ ነከርሁት። አታዪም እንዴ ብዬ ጠየቅኋት። ብርሃን መኖሩን አውቃለሁ፣ ሰው ሲያልፍም ጥላው ይታየኛል አለችኝ። ይኸው ከሠነበተ! አንድ ቤት እያደርን፣ ከአንድ መሶብ እየበላን! ጎጆዋ ውስጥ ድስቱንም ጨውንም እጇ ያውቃቸዋል። ያ ቤት ለሁላችንም ጨለማ ስለሆነ ሁላችንም እየዳበስን ነው የምንገባው፣ ማን ከማን ይለያል? እንጨት ሲነድ ይንጣጣል፣ ይሸታል፣ ሲከስምም ያስታውቃል። ያንተ እሳት ሰማያዊ ነው፤ አይንጣጣም፣ አይሸትም። ለካስ ትፈራው ኖሯል። እኛ ግትር ናት አልናት።

በማግስቱ ደባርቅ ወስጄ አስመረመርኋት። ነርሷ ሠርካለም የዓይን ሞራ ነው አለችን። የግራው አልፎበታል፤ ቀኙ ግን ሳይዘገይ ጎንደር ሄዳ ከተገፈፈላት ያያል። ብዙ ዘመን ጭስ ላይ ነበሩ ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ "ኧረ የለም፣ ምን ጭስ አለና!" ብላ ሸመጠጠች። ውጭ ስንወጣ እጄን ጨምድዳ ይዛ "አደራ፣ ጭስ ነው ብለሽ ለልጄ እንዳትነግሪው። አረቄውን ለማን ሳወጣ እንደኖርሁ ያውቀዋል" አለችኝ።

አደራዋን በላሁ፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ። አንተም ታስታውሳለህ፤ እሷ አረቄውን ታወጣለች፣ እኔ እሳቱን አራግባለሁ፣ አንተ ጓዳ ውስጥ በኩራዝ ታጠናለህ። ቤት መሥራት የተማርኸው በዚያ አረቄ ነው። ይህን የምጽፍልህ እንዲቆጭህ ብዬ አይደለም። ጎንደር ሂጂ ስላት አልሄድም ብላ አሻፈረኝ አለች፤ ልጄ ሲሰማ ልቡ ይሰበራል ነው የምትለው። አንተ መጥተህ እጇን ካልያዝኻት የቀረው ዓይኗም ይሄዳል። እንግዲህ ሥራ በዝቶብኛል፣ ፈቃድ የለኝም የምትለውን ተው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ና።

እስከዚያው ጎጆውን አልከፈትሁላትም። አዲሱ ማድቤት ውስጥ እኔ አበስላለሁ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ታዘኛለች። ሽንኩርቱ አረረ ትለኛለች፣ እውነትም አርሮ አገኘዋለሁ። መዳፏ እየዳነ ነው።

እመብርሃን በሄድህበት ትከተልህ፤ የምታቆመውን ቤት ሁሉ የጤና ቤት ታድርግልህ።

መልስ ስትጽፍልኝ እንደ ባለፈው በደቃቁ አትጻፍ፣ ፊደሉን አጉላልኝ። እዚህ ስትመጣም ይህን የፊደሉን ነገር እማዬ ፊት እንዳታነሳው።

እህትህ