ሊያመሰግኑን መጡ

የካቲት 3 ቀን 1952 ዓ.ም.
ብርዱ ብሷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍሰሐ እሳት ዳር ተቀምጦ የሥራ ጫማውን ይወለውላል። "ሃምሳ አለቃ፣ ለማን ነው ይህ ሁሉ ማብለጭለጭ?" አልኩት። ሳቀ። ምሳውን ግን አልነካም። ምን ሆኖብኝ ነው?

የካቲት 6
ዛሬ ነገረኝ። ሀሰኖ የሚባል የሁሩታ ገበሬ፣ ከብት ሰርቀሃል ተብሎ የታሰረ፣ ጣቢያ ውስጥ ሞተ። ለሚስቱ "ሆዱን አሞት ነው" አሏት። የሐኪሙ ወረቀት ግን በድብደባ ነው ይላል። የጣቢያው አዛዥ ሻምበሉ "ምሥጢር" የሚል ማኅተም አስመትቶ ቆለፈበት። ማኅተሙን የመታው ደግሞ ፍሰሐ... የቢሮው ጸሐፊ እሱ አይደል! "እጄ ቆሸሸ" ይለኛል ደጋግሞ።
ሻምበሉ እኮ የልጃችን የክርስትና አባት ነው። አበልጃችን! ቤታችን በልቶ፣ ጠጥቶ...

የካቲት 22
ሰጣት። የወረቀቱን ግልባጭ ለሟቹ ሚስት ለሀሊሜ ሰጣት። ለኔ የነገረኝ ከሰጣት በኋላ ነው። "ማን እንደሰጠሽ ለማንም እንዳትናገሪ" ብሏታል፤ "ወላሂ አልናገርም" ብላ ምላለታለች። አዲስ አበባ ወስዳ አቤት ልትል ነው።
ተቆጣሁት። አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ሞኟ እኔ፣ ኮራሁበት።

መጋቢት 4
ከአዲስ አበባ መርማሪዎች መጥተው ሁለት ፖሊሶች አሰሩ። ሻምበሉ ግን አሁንም ወንበሩ ላይ ነው። ወረቀቱን ማን እንዳወጣው ሰዉን ሁሉ ያፋጥጣል። "አበልጄንማ አልጠረጥርም" አለ አሉ። እፎይ።

መጋቢት 8
ሊያመሰግኑን መጡ... ሀሊሜና የሰፈሯ ሴቶች፣ ከሁሩታ በእግራቸው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እርጥብ ሣር ጨብጠው። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ዘንግ ነው። ለትልቅ ነገር ካልሆነ እንዲህ ተሰብስበው ይዘውት አይወጡም። እኛ ደጅ ላይ! በፖሊስ ሰፈር መሐል! ፍሰሐን ከበው በኦሮምኛ "ገለቶሚ፣ ገለቶሚ" እያሉ አመሰገኑት፣ መረቁት። እሱ እንደ ጨው ነጣ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል።
"ምን ነካሽ ሀሊሜ? ጨረስሽን እኮ!" አልኳት።
ገረማት። "ምን አጠፋሁ እህቴ? ለሰው አልተናገርኩም። ወላሂ ስሙን አልጠራሁም። ደግ የዋለልኝን ሳልመርቅ ልቅር? አላህስ ምን ይለኛል?"
ቅል ሙሉ ቅቤ አስታቀፈችኝ። እሷም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። በሩን ፊቷ ላይ ዘጋሁት።

መጋቢት 9
ፍሰሐን ወሰዱት።

መጋቢት 23
ሻምበሉ ቤት ሄድኩ። "አበልጅ፣ ስለ ክርስትና ልጅዎ ብለው..." ብዬ ወደቅሁ። አነሣኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው።
"ቀላል ነው። ሴትየዋ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ ሰርቃ ነው የወሰደችው ይበል። እሱ ይፈታል።"
"እሷስ?"
"እሷ ምንሽ ናት?"
መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ መጣሁ። ምኔ ናት? ምኔም አይደለችም።

መጋቢት 25
እስር ቤት ሄጄ ለመንኩት። ከስቷል...
"የሺ፣ ባሏን ገደልንባት። አሁን ደግሞ እሷን ላሳስር?"
"እኔስ? ልጅህስ? ሌባ ናት በል፣ ምን አለበት!" ጮህኩበት።
"ይህን ልትይኝ ከሆነ ሁለተኛ አትምጪ።"
"አልመጣም!" አልኩት። ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ?

ሚያዝያ 19
ስንቁን በሰው ነው የምልከው። እልሄ አልወጣልኝም። እሱም አልጠራኝም። በፋሲካም...

ሚያዝያ 27
ፈረዱበት። የመንግሥት ምሥጢር በማውጣት አምስት ዓመት። የደበደቡት በዋስ ወጥተው ከተማ ውስጥ ይዞራሉ። ነገ አዲስ አበባ ይወስዱታል።
ሀሊሜ መጣች። ደጅ ቆማ አለቀሰች። "ምርቃቴ ነው ያሳሰረው አሉኝ። እውነት ነው?" ልላት የምችለው ብዙ ነበር። "ግቢ" አልኳት።

ሚያዝያ 28
ልጄን አዝዬ እስር ቤቱ ደጅ ከሀሊሜና ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። ሲንቄ የለኝም። "የኔን ጫፍ ያዥ" አለችኝ፤ ያዝኩ። ይቅርታ ልለው ነበር። ልክ ነህ ልለው ነበር።
እጁን ታስሮ ወጣ። በበሩ በኩል፣ የፖሊስ ሚስቶች የሚቆሙበትን ቦታ አየ። ድሮ የምቆመው እዚያ ነበር። ደግሞ አየ። ወደ እኛ ዘወር ሲል ሴቶቹ ዘንጋቸውን አንሥተው ይመርቁት ጀመር። "ፍሰሐ!" አልኩ። ጮህኩ። በእነሱ ድምፅ መሐል የኔ ከየት ይሰማ? ለእነሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና መኪናው ላይ ወጣ።
አልመጣም ብዬው አልነበር? አልመጣችም ብሎ ሄደ።