ያላየሁት ክላች

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14/2006

መኪናዬን ከሻጩ ኩባንያ ጋራዥ አመጣኋት። ዘንድሮ ክላቿ ሲበላሽ ሦስተኛ ጊዜው ነው። እሑድ ከወደብ ሥራ ስመለስ ሮቫ ጊሜል ሰፈር የትራፊክ መብራት ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላ ያሉት ሾፌሮች ጥሩምባቸውን ሲያንባርቁብኝ መናደድ እንኳ አቃተኝ።

ጠዋት ባለቤቴ፣ "የወጣውን ዕቃ በዓይንህ ሳታይ እንዳትመጣ! አዲስ ነው እያሉ አሮጌ እየገጠሙልህ ይሆናል" ብላኝ ነበር።

መካኒኩ፣ "ያለፈውም አዲስ ነበር፤ የሚበላሸው ባነዳድህ ነው። ከፈለግህ የወጣውን ላሳይህ" አለኝ።

ሰውን ፊት ለፊት መጠርጠር አልሆነልኝም። "ኧረ አያስፈልግም፣ አምንሃለሁ" ብዬ እጁን ጨብጬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ፣ "አየኸው?" አለችኝ።

"አየሁት፤ የወጣውም አዲስ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት።