በቡልቻ መኪና ጀርባ ያለችው ልጅ

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፣ አዋሽ ሰባት፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ቁርጥማቱ ለቀቀሽ ወይስ እኔ እንዳልጨነቅ ነው በስልክ ደህና ነኝ የምትይኝ? እትዬ አበዛሽስ እንዴት ናቸው? በዶሮዋ ነገር ታረቃችሁ ወይስ አሁንም በአጥር ላይ ነው የምትነታረኩት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሙቀቱ ለጊዜው ምሕረት አድርጎልናል። የዚህ አገር ሰዎች ታኅሣሥ ሲገባ ብርድ መጣ ብለው ሹራብ ይደርባሉ፤ ብታዪያቸው በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ቡልቻ ነው፤ ያ አንቺ ጋ ሻይ ሳይጠጣ የማያልፈው ሹፌር። በስልክ ያልነገርኩሽ እንቁ ሁልጊዜ ጆሮዋን ከስልኩ ላይ ለጥፋ ስለምትሰማ ነው። ስለዚህ አደራሽን፣ ራስሽ አንብቢው። መነጽርሽን ወልውይና በመሠረተ ትምህርት እንዳስተማሩሽ በጣትሽ እየተከተልሽ፣ ቀስ ብለሽ። እሷን አንብቢልኝ እንዳትያት። አንቺ መቼም ተረት ሲነገር መጨረሻውን ቀድመሽ የምትጠይቂ ሴት ነሽ፤ እባክሽ ወረቀቱን አትገልብጪው።

ባለፈው ፋሲካ ስለ እንቁ ያልሽኝን አልረሳሁትም። እኔ ጋ ትምጣ ብዬ ስለምንሽ፣ በሰው ቤት ማዕድ ቤት ወለል ላይ የምትተኚ ልጅቷን የት ልታስተኚያት ነው፣ የራስሽ በርና የራስሽ ቁልፍ ሲኖርሽ ያን ጊዜ እንነጋገራለን ብለሽ ዘጋሽው። እውነትሽን ነበር። እውነት መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ በር፣ ቁልፍ፣ እንቁ።

እዚህ ዕረፍታችን ዓርብ ነው። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የት እንደምሄድ ግን ነግሬሽ አላውቅም። ፔካ ዱዝ የሚባል የከባድ መኪኖች ማቆሚያ አለ፤ የእኛ ሹፌሮች ከወደብ እስኪጠሩ ድረስ የሚጠብቁበት። እዚያ ሥዕል እስላለሁ። ተይ፣ አትቆጪ! ቀለም ምን እንዳመጣብን አውቃለሁ። ያ ሠዓሊ በፍቃዱ የሰፈራችንን ሆቴል ግድግዳ ስሎ፣ እኔን ቀለም በጥባጭ አድርጎ፣ ብሩሹን እንኳ ሳያጥብ የሄደውን ከአንቺ ይልቅ እኔ ነኝ የማስታውሰው። ብሩሽ አያያዙን ያሳየኝ እሱ ነው። እጁ ግን የእኔ ነው።

ሌሎቹ የመኪና ሠዓሊዎች አንበሳና ንስር ነው የሚስሉት። እኔ ሹፌሩን ምን ናፈቀህ ብዬ እጠይቀውና ያለኝን በተሳቢው የኋላ ስፖንዳ፣ በጭነቱ መዝጊያ ብረት ላይ እስልለታለሁ። ከይረዲን የወሎ ሰው ነው፤ የሐይቅን ውሃ ሳይልኝ አለ፣ ሳልኩለት። ተክለወልድ የሚባል ዝምተኛ ሰው ብዙ ካሰበ በኋላ ዝናብ አለኝ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ! ደመና በማይታይበት አገር ፀሐይ አናቴን እየበሳችው ዝናብ ሳልኩለት። የሚያስቀው ነገር ሹፌሩ ራሱ እየነዳ ሥዕሉን አያየውም፤ የሚያየው ከኋላው ያለው ነው። እንዲህ እያለ አንዱ የሌላውን ናፍቆት ፊት ለፊት እያየ እስከ አዳማ ይነዳል። ቡልቻን ስጠይቀው ግን ሚስቴም ልጆቼም ሚሌ ናቸው፣ ስሄድም ስመጣም አያቸዋለሁ፣ ምን ይናፍቀኛል፤ ይልቅ አንቺ የናፈቀሽን ሳይበት አለኝ። ሳልኩበት። አንድ ቀን በስልክ በቡልቻ መኪና ላይ ገመድ የምትዘል ልጅ አየሁ፣ እንቁን ቁርጥ አልሽኝ። እኔም እንጃ አልኩሽ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የአሠሪዬ የማዳም ዙለይካ ታናሽ እህት፣ አብራን የምትኖረው ፋኢዛ፣ ሊሴ በሚሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ታስተምራለች። በኢትዮጵያ ሠራተኞች እጅ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ አይተናነስም፤ ስትቆጣማ ቁጭ አንቺን ናት። ጣቶቼ ላይ ቀለም አይታ ምንድነው ብላ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። ብዙም ሳትቆይ አንድ ማስታወቂያ ይዛ መጣች። ቡርስ ይሉታል በፈረንሳይኛ፤ ለተመረጠ አርቲስት የዓመት መኖሪያ ገንዘብ ይሰጡታል፣ እሱም ሌላ ሥራ ሳይሠራ ጥበቡን ብቻ እየሠራ ይከርማል። ለማኅበር አይደለም፣ ለድርጅትም አይደለም፤ በግሉ ለቆመ ለአንድ ሰው ነው የሚሰጠው። ይህን ስትተረጉምልኝ ሳቅሁ። እኔ መቼ በግሌ ቆሜ አውቃለሁ? የእገሊት ልጅ፣ የማዳም ሠራተኛ፣ የበፍቃዱ ቀለም በጥባጭ፣ የእንቁ እህት። ፋኢዛ ቀልዱን ትተሽ ስምሽን ጻፊ አለችኝ። ጻፍኩ።

ችግሩ የሥራሽን ፎቶ ላኪ ማለታቸው ነበር። የእኔ ሥራ የት ተገኝቶ? አንዱ ሚሌ ነው፣ አንዱ አዳማ ነው፣ አንዱ መንገድ ላይ ጎማ እየቀየረ ነው። ለሹፌሮቹ ሁሉ ደወልኩ። የሳልኩላችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ጉዳዩ የሕይወቴ ጉዳይ ነው አልኳቸው። እግዜር ይስጣቸው አንድም አልቀረ። ሁሉም አንስተው በሚሞሪ ካርድ አጠራቅመው በቡልቻ እጅ ላኩልኝ። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን እኔና ፋኢዛ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ገብተን ፎቶዎቹን ከፈትናቸው።

እማዬ፣ ምን ልበልሽ! ከይረዲን የሠርጉን ሱፍ ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሐይቄን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት ቆሟል። በሁለት እግሮቹ መካከል ትንሽ ውሃ ትታያለች። ተክለወልድ ፀጉሩን ተስተካክሎ ዝናቡ ላይ ተደግፎበታል። ቡልቻማ ሚስቱንና ልጆቹን ደርድሮ፣ ከልጅቷ የተረፈው ከትከሻው በላይ አንድ ዓይንና የገመዱ ጫፍ ብቻ ነው። ሁሉም እንደዚያው! ለከይረዲን ደውዬ ምን ነካህ ብለው ጭራሽ እሱ ገረመው። ሰው የሌለበትን ፎቶ ማን ያያል፣ ባለንብረቱ ጨዋ ሰው መሆኑን ይወቁልሽ ብዬ ነው እንጂ አለኝ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ያው እንባ የእውነት ሆነ። መኪኖቹ ተበታትነዋል፣ ቀኑ አልቋል። ፋኢዛ ከመቅረት ይሻላል ብላ እንዳለ ላከችው።

ከወር በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ፋኢዛ ልታስተረጉምልኝ አብራኝ ሄደች። አዳራሽ ውስጥ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢያቸው ከሴኔጋል የመጡ፣ ነጠላ የመሰለ ሰፊ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ የጣሉ ትልቅ ሴትዮ ናቸው። ያ የሹፌሮቹ ፎቶ ተለቅ ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሴትዮዋ አወደሱኝ። እነዚህን ወንዶች እንዲህ ኮርተው እንዲቆሙ ያደረግሽው በምን ጥበብ ነው፣ ከፎቶ አንሺዎቹ ሁሉ አንቺ ልዩ ሆነሽብናል አሉ። ለካ ከፎቶ አንሺዎች ተራ መድበውኛል! ፋኢዛ ክው አለች። ቶሎ ብላ በአማርኛ ዝም ብለሽ አዎ በይ፣ አለቀ፣ አገኘሽ አለችኝ።

አልዋሽሽም፣ አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በሩ ታየኝ፣ ቁልፉ ታየኝ። ግን ከቡልቻ ትከሻ በላይ ያቺ አንድ ዓይን ቁልጭ ብላ ታየኛለች። በእሷ ፊት መዋሸት አቃተኝ። ስንት ዓመት ሙሉ በእሷ ነገር የዋሸሁት ይበቃኛል አልኩ በልቤ። ፎቶ አንሺ አይደለሁም፣ ካሜራም የለኝም፤ የሠራሁት ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን ነው ብዬ ተናገርኩ።

ከዳኞቹ አንደኛው፣ መነጽር ያደረገው ሰውዬ፣ ፋይሉን ዘጋና እንግዲያውስ ሥራዋን አላየንም፣ ያላየነውን ደግሞ መዳኘት አንችልም አለ። ደሜ ፈላ። ካላያችሁት ተነሡና እዩታ፣ የእኔ ሥራ ጎማ አለው፣ አዳራሽ አይገባም አልኩ። ፋኢዛ ይህን ልተርጉመው ወይ ስትለኝ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አልኳት። ሴትዮዋ ሲሰሙት ከት ብለው ሳቁ። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ብድግ!

እግዜር ሲረዳ እነቡልቻ በዚያው ቀን ከዶራሌ ወደብ ጭነው ሊወጡ ነበር፤ ሁልጊዜም ተከታትለው ነው የሚጓዙት። ደወልኩለትና ዳኞቹን ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። የመጀመሪያው መኪና መጣ። ከፊት ስታዪው እንደማንኛውም መኪና ነው፤ ጭስ፣ አቧራ፣ ጥሩምባ። መነጽር ያደረገው ሰውዬ በሐዘኔታ አየኝ። ከዚያ መኪናው አለፈና ጀርባው ታየ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ? የሐይቅ ውሃ ነበር። ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከይረዲን ጥሩምባውን እያንባረቀ ቀስ ብሎ አለፈ፣ ቀጥሎ የሌላ ሰው አንበሳ፣ ከዚያ ደግሞ የእኔ ዝናብ። ፋይሉን የዘጋው ሰውዬ ዝናቡን ሲያይ ከተሳቢው ኋላ ሮጠ እኮ! መንገዱ ተጨናንቆ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን እየነፋ መጣ፤ ፋኢዛ በሶማሊኛ ስታብራራለት ቆይታ እሱም ከእኛ ጋር ቆሞ የሚያልፈውን ማየት ጀመረ።

የመጨረሻው ቡልቻ ነበር። እሱ መቼም ነገር በልክ አያውቅም፤ የመንገዱን ጥግ ያዘና ቆመ። ወረደ። ኮሌታውን አስተካክሎ በቀጥታ ሄዶ ሥዕሉ ፊት ተገተረ! አንተ ሰው፣ በሞቴ ከዚያ ዞር በል ብዬ ስጮህ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዞር አለ። እማዬ፣ ልጅቷ ሙሉዋን ታየች። ገመዱ ከጭንቅላቷ በላይ፣ እግሮቿ ከመሬት ለቀው፣ ያ የፊት ጥርሷ ወልቆ። ሴትዮዋ ቀረብ ብለው ጉንጯን ነኩና ዘወር ብለው ይህቺ ማናት አሉኝ።

አንቺ ዝም አይነቅዝም ትያለሽ። ለእኔ ብለሽ፣ ስሜን ልትጠብቂ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልፈረድኩብሽም። እኔ ግን ነቅዤ ነበር። ማን እንደሆነች በአንዲት ቃል መለስኩላቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥታ የማታውቅ ቃል፣ በዶራሌ መንገድ ዳር፣ በፖሊስና በሹፌሮች ፊት ጮክ ብዬ። ፋኢዛ ወዲያው አልተረጎመችውም። ስንት ዓመት አንድ ቤት ኖረን አልነገርኳትም ነበርና መጀመሪያ እኔን ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ እንባዋ እየወረደ በፈረንሳይኛ ተናገረችው። ቡልቻ ኮፍያውን አወለቀ። ደስታ በደስታ ሆንኩ እማዬ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ሰዓት ቢከለክሉኝም ግድ አልነበረኝም።

አልከለከሉኝም! በሠዓሊነት ተመረጥኩ። በራሴ ስም፣ በግሌ። ማዳም ዙለይካ ለረመዳን ሳምቡሳውን ማን ሊሠራልኝ ነው ብላ አኮረፈችኝ፣ ኩርፊያዋ ሲያልፍ ደግሞ ፍራሽ ሸልማ ሸኘችኝ። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ክፍል ተከራይቻለሁ። ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው፤ በሯ ግን በር ናት። የገባሁ ቀን ቁልፉን ስከፍት ስዘጋ፣ ስከፍት ስዘጋ ውዬ ጎረቤቴ ዓዚዛ ተበላሽቶብሽ ነው ወይ ብላ መጣች።

እንግዲህ እማዬ፣ በርም ቁልፍም አለኝና እንነጋገር። ለገና እንቁን ላኪልኝ። ቡልቻ ሲመለስ ሚስቱ ከሚሌ አዋሽ ድረስ መጥታ በእጇ ትረከብሻለች፤ ብቻዋን ከወንዶች ጋር አትጓዝም። የጉዞ ወረቀቷን ጉዳይ ፋኢዛ እየጨረሰችው ነው። በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም አግኝቼላታለሁ። ቤትሽ ጭር እንደሚልብሽ ይታወቀኛል፤ እሱን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ጡት ካስጣልኳት ጀምሮ አቅፈሽ አሳድገሽልኛል፤ ውለታሽን በምን እመልሳለሁ? አንቺም ተከትለሽ ነይ፣ ፍራሹ ሰፊ ነው፣ ባሕርም ታያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሽ ላብቃ። ከመሳፈሯ በፊት አጠገብሽ አስቀምጠሽ ምን ብላ እንደምትጠራኝ ንገሪያት። እኔ ከነገርኳት አንቺን የከሰስኩ ይመስላታል፤ ከአንቺ አፍ ትስማው። አንቺን እማዬ ማለቷን ደግሞ እንዳትተው በያት፤ አፏ ለሁለታችንም ይበቃል።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ደጅሽ እንግዳ አይጣ። እኔንም መርቂኝ፤ ምርቃትሽ ከመንገዱ ሁሉ ቀድሞ ይድረሰኝ።

ልጅሽ፤
እስከ ገና ድረስ ብቻ የእንቁ እህት