ለዋርካው የሠራሁት ግንብ

ሰኞ

ተርብ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ድሮን ነው፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ያለውን ዋርካ እየዞረ ይጮኻል። የባጃጅ ሹፌሮቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

የምታበርረው ብርቱካን የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። የጂንካን ዛፎች ከላይ ፎቶ እያነሳች ደህናውን ከታመመው ትለያለች። ዋርካው ባለፈው ሳምንት ቅርንጫፍ ጥሎ አጥሩን ሰብሯል። ማዘጋጃ ቤቱ ቅዳሜ ይቆረጥ ብሏል።

ይህ ዛፍ ባለውለታዬ ነው። ቱንቢና መዶሻዬን ይዤ ከጎፋ ስመጣ ሚስቴ አስቴር ነፍሰ ጡር ነበረች። ታመመችብኝ፤ ዘጠኝ ቀን እሷ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ እኔ ዋርካው ሥር መሬት ላይ። ጌታ ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደህና ወጡ። ልጃችንን ምሕረት አልናት። ከአራት ዓመት በፊት ታዲያ ለምስጋና ብዬ፣ በራሴ ስሚንቶ፣ ግንዱን ዙሪያውን የግንብ መቀመጫ ሠራሁለት። በየበዓሉ ኖራ እቀባዋለሁ። አስታማሚው ሁሉ ይቀመጥበታል። በግንበኝነት ዘመኔ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለም።

ማክሰኞ

ብርቱካን ፎቶውን ታብሌቷ ላይ አሳየችኝ። ደህናው ዛፍ አረንጓዴ፣ የታመመው ቀይ ሆኖ ይታያል። መንገዱ ዳር ያሉት ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። የኔ ዋርካ አናቱ ቀይ! ከታች ሲያዩት እኮ ይህን ያህል የታመመ አይመስልም።

"ጋሼ፣ ይህን ግንብ ማን ነው የሠራው?" አለችኝ።

"እኔ ነኛ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ ግንቡ ውሃ አያስገባም፣ ሥሩም አየር አያገኝም። ዛፉ የታመመው አርጅቶ ሳይሆን ታንቆ ነው አለች።

ተቆጣሁ። አንቺ ሳትወለጂ ነው ግንብ የጀመርኩት አልኳት። ምሳ ሳልበላ ቤቴ ገባሁ። አሁን ስጽፈው አፈርኩ። ልጅቷ ምን አጠፋች?

ረቡዕ

አስቴር አትምርም። "ለልጅህ የገዛኸው ጫማ ቢጠባት ታወልቅላታለህ ወይስ ቆመህ ምስጋና ትጠብቃለህ?" አለችኝ።

አንድ ባልዲ ውሃ ይዤ ሄድኩና ግንቡ ላይ ደፋሁት። ቀጥ ብሎ ወደ ቦዩ ወረደ። ጠብታ ወደ ሥሩ አልገባም። ለምን እንደሆነ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ውሃ እንዳይተኛበት ብዬ ተዳፋት ያደረግኩት እኔው ነኝ። ግንበኛ የሚመሰገንበት ነገር ነው እኮ! ባዶ ባልዲ ይዤ እንባዬ መጣ።

ሐሙስ

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የምናገረውን ጽፌ ነበር፦
– ጥፋቱ የኔ ነው።
– ግንቡን በነፃ አነሳለሁ።
– እባካችሁ ዛፉን አትቁረጡት።

ኃላፊው ፊት ስቆም ሁሉም ጠፋብኝ፤ "የኔ ነው፣ የኔ ነው" ብቻ እላለሁ። ደግነቱ ብርቱካን ፎቶውን ይዛ መጥታ ነበር። ያን ሁሉ ቁጣዬን ችላ! ነገሩን አስረዳችልኝ። ይቅርታ ስጠይቃት "ምን አሉኝ ደግሞ?" ብላ ሳቀች። ጌታ ይባርካት።

ኃላፊው አሰብ አደረገና፣ ግንቡ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ከተነሳ ደረቁ ቅርንጫፍ ብቻ ይቆረጣል፤ ካልተነሳ ግን ዛፉ ከነግንዱ ይቆረጣል አለ።

ከሰዓት ዲጂኖ አነሳሁ። ያኔ ስሚንቶ አልሰሰትኩም ነበርና አልነቃነቅ አለኝ። ሰው የገዛ ሥራውን ጥራት ይረግማል? ረገምኩት።

አርብ

እጄ ውሃ ቋጥሯል። ሰኞ የሳቁብኝ ባጃጆች ተራ በተራ እየወረዱ መቱልኝ። ስንከፍተው ሥሮቹ መሄጃ አጥተው ግንቡን ተደግፈው ተጠማዝዘዋል። አንጀቴን በሉት።

ከአርቦሬ የመጣ አንድ አባት ትንሽ የእንጨት በርጩማውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ያየናል። ልጁ ሆስፒታሉ ውስጥ ተኝታለች፤ አራተኛ ቀኗ ነው። "ለሴቶች መቀመጫ ጥሩ ነበር። ለምን ሰበርክ?" አለኝ። ዛፉ ውሃ አጥቶ እንደሆነ ነገርኩት።

"ዛፍ ውሃ ይጠጣል። አታውቅም?"

ባጃጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅኩ። የመቀመጫው ነገር ግን ቆረቆረኝ፤ ነገ አስታማሚው የት ይቀመጣል? ማምሻውን የመጨረሻው ድንጋይ ተነሳ።

ቅዳሜ

ኃላፊው መጣ፣ ዞሮ አየ፣ በእሺታ ራሱን ነቀነቀልኝና ሄደ። መጋዝ ይዘው የመጡት ሰዎች ደረቁን ብቻ ቆርጠው ወረዱ። ተመስገን! ተመስገን!

ከዚያ ዝናብ መጣ። ሰው ወደ በረንዳ ሮጠ፣ እኔ ቀረሁ። ውሃው ሥሩ ላይ ተጠራቀመ። ወደ ቦዩ አልሄደም። ቀስ እያለ ጎደለ፣ ጎደለ፣ ጠፋ። ጠጣው! ብቻዬን ቆሜ "ይቅርታ፣ ደግሞም አመሰግናለሁ" አልኩት ዋርካውን።

ይድን ይሆን? ብርቱካን ከክረምት በኋላ ደግሜ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ያኔ እናያለን ብላለች። እኔ አላውቅም።

ሲያባራ የአርቦሬው አባት ተመለሰ። ልጁ ዛሬ ምግብ ቀምሳለች፤ ፊቱ በርቷል። እኔንና የቆሰለ እጄን አየና በርጩማውን እርጥቡ መሬት ላይ አስቀመጠልኝ።

"ደክሞሃል፤ ተቀመጥ" አለኝ።

እሱ ቆመ፣ እኔ ዋርካው ሥር ተቀመጥኩ።